የማማ ከቢራን ስኳር ትለኪያለሽ፤ የራስሽንስ?

በብዙ የሪያድ ቤቶች ጠዋት ከገሕዋው በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። የማማ ከቢራን ጣት ወግተሽ ደማቸውን ትለኪያለሽ፣ ቁጥሩንም ለማዳም ትነግሪያለሽ። በዐረብኛ ከመቶ በላይ መቁጠር የለመድሽው በዚሁ ሊሆን ይችላል። የራስሽን ለመጨረሻ ጊዜ የለካሽው ግን መቼ ነው?

የምጠይቅሽ የስኳር ሕመም በዚህ ከተማ በቀላሉ ስለሚደበቅ ነው። ውሃ ውሃ ሲልሽ በሙቀቱ ታሳብቢያለሽ፤ ድካሙን በሥራው፣ የዓይንሽን ብዥታ በእንቅልፍ ማጣት። ሌሊት ለሽንት ደጋግመሽ የምትነሺ ከሆነና ሳትፈልጊ ከከሳሽ ግን ተመርመሪ። ሕመሙ እንዳለብሽ አውቀሽ መድኃኒቱን ከአገር ቤት በሻንጣ ይዘሽ የመጣሽም ትኖሪያለሽ። "ማዳም ካወቀች ትመልሰኛለች" የሚለው ፍርሃት ይገባኛል። ሆኖም በጋለ ዘይት ፊት ራስሽን ስተሽ ከመውደቅ አስቀድሞ መናገር ይሻላል ባይ ነኝ። "ዒንዲ ሱከር" ማለት ይበቃል።

መለኪያውንና ሸሪጡን (የደሙን ወረቀት) ከሰይደሊያ ታገኛለሽ። ከመለካትሽ በፊት እጅሽን በውሃና በሳሙና ታጠቢና አድርቂ። ይህን ቀላል አድርገሽ አትዪው፤ ተምር ስትፈለፍል የቆየች ጣት ሳትታጠብ ከተለካች መለኪያው የተምሩን ስኳር ጭምር ይቆጥራል። የጣትሽን ጫፍ መሃሉን ሳይሆን ጎኑን ውጊ፤ ዕቃ ስታጥቢ ያን ያህል አያምሽም። የማማ ከቢራን መርፌ ግን በፍጹም አትጠቀሚ፣ የአንቺንም ለማንም አትስጪ። የጉበት ቫይረስ በዚህ ይተላለፋል። የኢንሱሊን ብዕርም መርፌው ቢቀየር እንኳ የሁለት ሰው አይሆንም።

የጤነኛ ሰው ስኳር ጠዋት በባዶ ሆድ ከ100 በታች ነው። በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ በላብራቶሪ 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመም ይባላል። ሕመሙ ላለባት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከበላች ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው። ሐኪምሽ ሌላ ቁጥር ከሰጠሽ የእሱን ያዢ። የቤቱ መለኪያ 126 የሚለውን የሆስፒታል ወረቀት 7 ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ስኳርሽ ወርዶ አይደለም፤ የአለካክ ልዩነት ነው። የወረቀቱን በ18 አባዢው።

ለሐኪም ስተረጉም ደጋግሞ የሚያጋጥመኝን ልንገርሽ። ነርሷ "ሳይማ?" ብላ ትጠይቃለች። እህታችን የረመዳን ጾም መስሏት "አይ፣ ክርስቲያን ነኝ" ትላለች። ቁርስ ሳትበላ መጥታ ሳለ የበላች ተብላ ትመዘገባለች። የተጠየቅሽው ምግብ ቀምሰሽ እንደሆነ ነው። "ዐለ ሪቅ" ቢሉሽም ያው ባዶ ሆድ ማለት ነው። "ተራኩሚ" የሚባለው ምርመራ ግን የሦስት ወሩን አማካይ ስለሚያሳይ በልተሽም ይሠራል።

ሸሪጡን በረንዳ ላይ ወይም መኪና ውስጥ አትተዪ፤ የሪያድ በጋ ያበላሸዋል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፣ ፍሪዘር ውስጥ ግን አይግባ።

ረመዳንን የምትጾሚ ከሆነ ወሩ ሳይገባ ሐኪም አማክሪ። ጣት ወግቶ መለካት ጾም አይፈታም፤ ስለዚህ ከዐስር በኋላ ሳምቡሳው ሲጠበስ በተለይ ተለኪ። ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ጾሙን ፍቺ፤ የስኳር ሐኪሞች ምክር ይኸው ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ኦርቶዶክሳዊትም ሰውነትሽ ያው ነው።

እጅሽ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበሽና ልብሽ ከመታ ምናልባት "ሁቡጥ" ነው፣ የስኳር መውረድ። ከ70 በታች ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ ጠጪ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪ፤ ካልወጣ ድገሚ፣ ከወጣ ምግብ ብዪ። መለኪያው ከሌለም ጠጪ እንጂ አትጠብቂ። ራሷን የሳተች ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ለአምቡላንስ 997 ይደወላል። ስኳሩ ከ300 በላይ ሆኖ ካስመለሰሽ ወይም ትንፋሽሽ ከፈጠነ አትደሪ፣ ያኑ ጊዜ ሆስፒታል ሂጂ።

የሐኪም ማስረጃ ካለሽ የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ በዓመት እስከ 30 ቀን የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ ይሰጥሻል። ምክር ለመጠየቅ የጤና ሚኒስቴር 937 ሌሊትም ይሠራል፤ ዐረብኛው ካስቸገረሽ የምትችል እህት አጠገብሽ አድርገሽ ደውዪ፣ የለካሽባቸውን ቁጥሮች ከነቀናቸው ይዘሽ።