ትንሿን የእንጨት ቤት ሠርቶ ማስረጀት

ከተገጣጣሚዋ ቤት ሳጥን የሚወጣው በሌዘር የተቆረጠ ስስ የእንጨት ገበታ፣ ክብሪት የሚያካክሉ ቋሚና አግዳሚዎች፣ የጣሪያ ወረቀትና በሥዕል የተሞላ መመሪያ ነው። ልጆች ሳለን በጭቃና በሸንበቆ የቀለስነው ዓይነት ቤት ነው፤ ይኼኛው ግን ልኩ በሚሊ ሜትር የተያዘ ነው። እኔ የመጀመሪያዬን የሠራሁት በቤሩት ዳርቻ ባለው ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ፣ መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ በእሑድ ቀን ነው። እሑድ ቤሩት ላለ ኢትዮጵያዊ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ያንን ቀን ለአሻንጉሊት ቤት መስጠት እብደት ይመስለዋል። ጓደኞቼም ያሉኝ ይህንኑ ነው።

በቅድሚያ ስኬሉን እንረዳ። ሳጥኑ ላይ 1፡87 ተብሎ ከተጻፈ ቤቱ ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሷል ማለት ነው። የባቡር ሞዴል ሠሪዎች አብዝተው የሚይዙት ልክ ይህ ነው፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ74 የሆነ ሰው በዚህ ስኬል 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ1፡48 ደግሞ ያው ሰው ከ3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ትንሽ ያልፋል። ለጀማሪ የምመክረው ትንሽ ቤት በትልቅ ስኬል ነው፦ የዘበኛ ጎጆ ወይም የዕቃ ማስቀመጫ፣ አራት ግድግዳና አንድ ተዳፋት ጣሪያ ያለው። ጀማይዜ ሰፈር እንደሚታዩት ሦስት ቅስት መስኮትና ቀይ ሸክላ ጣሪያ ያላቸውን የድሮ ቤቶች ለመሥራት መጓጓት ያለ ነው፤ ግን ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው ሥራ ይቆዩ።

ለሥራው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ስለታም ምላጭ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ ስፒርቶ፣ ቻይና ቀለም የሚባለው ጥቁር ፈሳሽ፣ ሁለት ብሩሽ። ስፒርቶው ከፋርማሲ፣ ቀለሙ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይገኛል። መደብሩ በዐረብኛ «መክተቤ» ነው፤ መጨረሻዋን ድምፅ ብትውጧት «መክተብ» ይሆንና ቢሮ ማለት ነው። ብዙዎቻችን በቪዛ ያለፍንበትን የአሠሪና ሠራተኛ አገናኝ ቢሮ የምንጠራበትም ቃል እሱ ነው። አንዲት እህት መንገደኛ አስቁማ «መክተብ የት ነው?» ብላ ብትጠይቅ ወዴት እንደሚልኳት መገመት አያቅትም።

ቤቱ በጥድፊያ አይሠራም። የግድግዳ ቁርጥራጮቹን ከገበታው ሁሉንም በአንዴ አታውጡ፤ መመሪያው የጠየቀውን ብቻ ቆርጣችሁ ከጀርባው ቁጥሩን በእርሳስ ጻፉበት። ጠርዙ ላይ የቀረውን እሾህ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ቀጥሎ ኮላውን ለማንሳት እጃችሁ ይቸኩላል፤ ያዙት። እንጨቱ ቀለም መጠጣት ያለበት ከመጣበቁ በፊት ነው። ኮላ የነካው ቦታ ቀዳዳው ስለሚደፈን ቀለም አይገባውም፤ በኋላ ከግድግዳው መሀል ነጭ ጠባሳ ሆኖ ያፈጥባችኋል፤ በምንም አይለቅም።

ቀለሙ እንዲህ ይዘጋጃል፦ በትንሽ ብልቃጥ ስፒርቶ ውስጥ ጥቂት የቻይና ቀለም ጠብታ አድርጉና ናጡት። አንድ ጊዜ ሲቀቡት አዲሱ እንጨት ወደ አመድማ ይሄዳል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋግሙት ዓመታት ያሳለፈ ሳንቃ ይመስላል። በውኃ ምትክ ስፒርቶ የሆነበት ምክንያት አለው። ውኃ የእንጨቱን ጭረት ያሳብጣል፤ ስስ ሳንቃ በአንድ ወገን ብቻ ሲያብጥ ይጎብጣል። የእኔ የመጀመሪያ ግድግዳ እንደ ሙዝ የጎበጠው በውኃ አንድ ፊቱን ብቻ ቀብቼ፣ የባሕሩ እርጥብ አየር በሚገባበት መስኮት ላይ ትቼው ስለሄድኩ ነው። ሁለቱንም ፊት ቀቡ፤ ከደረቀ በኋላም በከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሩት፤ ከጀርባውም ደጋፊ እንጨት ለጥፉ። ስፒርቶ በቀላሉ እንደሚነድ አትርሱ። መብራት ጠፍቶ ሻማ በለኮሳችሁበት ምሽት ብልቃጡን አትክፈቱ።

ኮላውን በስንጥር ጫፍ በነጥብ በነጥብ ብቻ አድርጉ። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን ለማየት ስኳድራ ከሌለ የወፍራም መጽሐፍ ጠርዝ ይበቃል። መቆንጠጫውን አድርጋችሁ እስኪደርቅ ተዉት፤ ቡና ለማፍላት ጥሩ ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ማስረጀቱ እንምጣ፤ የሥራው ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጀማሪም የሚበላሽበት እዚሁ ነው። ማስረጀት ማቆሸሽ የሚመስለው ሰው ቡናማ ቀለም ከላይ እስከ ታች ይለቀልቅና ቤቱን ጭቃ ውስጥ የወደቀ ያስመስለዋል። በእውነተኛ ቤት ላይ ያለ እያንዳንዱ እድፍ ግን መነሻ አለው። ከመቀባታችሁ በፊት ሰፈራችሁን ዙሩ። ቤሩት በበጋው ወራት ዝናብ አያውቃትም ማለት ይቻላል፤ በክረምት ግን ዝናቡ በአብዛኛው ከባሕሩ አቅጣጫ እየተገፋ ይመጣል፤ ስለዚህ የአንድ ቤት አራት ግድግዳ እኩል አያረጅም። የሰገነቱ ብረት ከግድግዳው ጋር በተጣበቀበት ቦታ የዝገት እንባ ወደ ታች ይወርዳል። «አባጁር» የሚሏቸው የእንጨት መስኮት መዝጊያዎች ቀለማቸው ቀድሞ የሚረግፈው ውኃ በሚያርፍበት በግርጌያቸው ነው። በር ደግሞ እጅ በሚነካው ቦታ ይለሰልሳል።

ሶዴኮ አካባቢ ያለው የበረካት ሕንፃ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። አርክቴክቱ ዩሱፍ አፍቲሙስ እ.ኤ.አ. በ1924 ነደፈው፤ በ1975 በጀመረው የእርስ በርስ ጦርነት ከተማዋን ለሁለት በከፈለው መስመር ላይ ስለዋለ አነጣጥሮ ተኳሾች መሸጉበት። ዛሬ «ቤት ቤይሩት» በሚል ስም ሙዚየም ነው፤ ሲታደስ የጦርነቱ ጠባሳ እንዲታይ ሆን ተብሎ ተትቷል። አሸዋማው ቢጫ ድንጋይ የት እንደተቦረቦረ፣ የት ደህና እንደቀረ ቆማችሁ ብታዩ፣ ማንም መመሪያ የማይሰጣችሁን ታገኛላችሁ።

የተላጠ ቀለም ለማሳየት ግራጫው እንጨት ላይ በጥቂት ቦታ ሻማ እሹበት፤ ከዚያ ቀቡትና ሲደርቅ በጥፍር ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ሰሙ ያለበት ቦታ ቀለሙ ይነሳል። ጠርዝ ለማጉላት ብሩሹን ነጣ ባለ ግራጫ ነክራችሁ፣ ቀለሙ ሊያልቅ እስኪል በጨርቅ ጥረጉትና ከላይ ከላይ ዳብሱበት። ለዝገትና ለአቧራ ለስላሳ የሥዕል ጠመኔ በምላጭ ፍቃችሁ ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ አኑሩ። በላዩ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ስትረጩ ከዱቄቱ ብዙው ስለሚጠፋ መጀመሪያውኑ በርከት አድርጉት። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ቤሩትን ትታችሁ የፒያሳን የድሮ ቤቶች አስታውሱ፦ ዝገቱ ከምስማሩ ቀዳዳና ከተደራረበበት ጠርዝ ይነሳና ቁልቁል ይፈስሳል፤ መሀሉ ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

እኔ የማልሠራው አንድ ጉዳት አለ። በነሐሴ 4 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) የቤሩት ወደብ ሲፈነዳ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል፤ ዩኔስኮ ወደ 640 ታሪካዊ ሕንፃዎች መጎዳታቸውን፣ 60 ያህሉም ሊፈርሱ እንደሚችሉ አስታውቆ ነበር። የዚያን ምሽት መስታወት ከእግራቸው ሥር ያነሱ እህቶቻችን አሁንም አብረውን አሉ። የተበተነ መስኮትን ለውበት ብሎ በብሩሽ መሥራት እጄ እምቢ ይለኛል፤ ሌላው ሰው የራሱን ይወስን። ከጥገናው ግን የምወስደው አለኝ፦ በአሮጌው ጣሪያ መሀል የገባ አዲስ ሸክላ ከጎረቤቶቹ ይልቅ ይቀላል። ሁለት ሦስት ሸክላ ለየት አድርጋችሁ ብትቀቡ ጣሪያው ሰው የሚኖርበት ይመስላል።

ሳጥኑ ውስጥ የተረፈውን የእንጨት ገበታ ፍሬም አትጣሉት። የምትሠሩበትን ቀለም ሁሉ አስቀድማችሁ እሱ ላይ ሞክሩ፤ ሲደርቅ የሚመጣው መልክ ርጥብ ሳለ ካያችሁት ይለያል።