የካንሰር ታካሚዎችን ከምርመራ እስከ ክትትል የሚያግዙ ነርሶች

የካንሰር ሕክምና በአንድ ቀንና በአንድ ክፍል አይጠናቀቅም። የናሙና ምርመራ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞቴራፒና የጨረር ሕክምና በተለያዩ ክፍሎች፣ አንዳንዴም በተለያዩ ሆስፒታሎች ይሰጣሉ። ከሩቅ ወረዳ የመጣ ታካሚ በመካከሉ ቀጠሮ ካለፈው ወይም ውጤቱ ከጠፋበት ሕክምናው ይዘገያል፤ በሽታውም ሊሰራጭ ይችላል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ዶክተር ሃሮልድ ፍሪማን በ1990 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ሃርለም ሆስፒታል የታካሚ ድጋፍ አሠራር ጀመሩ። ዛሬ በብዙ አገሮች ሥራውን ነርሶች ያከናውኑታል። የተመደበችው ነርስ የናሙና ውጤት መድረሱን ትከታተላለች፤ ቀጠሮዎችን ታስተባብራለች፤ የሐኪሙን ውሳኔ ታካሚውና ቤተሰቡ በሚረዱት ቋንቋ ታብራራለች። ከቀጠሮ የቀረ ታካሚ ሲኖር ደውላ ምክንያቱን ትጠይቃለች፤ ችግሩ የመጓጓዣ ወጪ ወይም ማደሪያ ከሆነ ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ታገናኘዋለች። ሕክምናውን የመወሰን ኃላፊነት ግን የሐኪሙ ነው።

ታካሚዎች የሪፈራል ወረቀት፣ የምርመራ ውጤት፣ የጤና መድህን መታወቂያ ካላቸው መታወቂያውን፣ እንዲሁም የሚሠራ ስልክ ቁጥር ይዘው ሊቀርቡ ይገባል። ኬሞቴራፒ በመውሰድ ላይ ያለ ታካሚ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከታየበት፣ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።