ከጊዛ የተነሳው ታላቅ የአሸዋ ማዕበል

ሱሞን መጀመሪያ የተዋወቅኩት በስፖርት ዜና አይደለም፤ በኢኮኖሚክስ ትምህርት ነው። ስቲቨን ሌቪትና ማርክ ደገን የሚባሉ ሁለት ምሁራን በ2002 አንድ ጥናት አሳትመው ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ያዙልኝ)። አንድ የሱሞ ውድድር 15 ቀን ይፈጃል። ስምንት ያሸነፈ ደረጃው ከፍ ይላል፣ ስምንት የተሸነፈ ይወርዳል። ምሁራኑ መዝገቡን ሲያገላብጡ፣ በመጨረሻው ቀን 7 ለ 7 ሆኖ የሚገባ ታጋይ ስምንተኛ ድሉን ቀድሞ የያዘውን ሰው ከሚጠበቀው በላይ ደጋግሞ ሲያሸንፍ አገኙት። ምክንያቱን እናንተው ገምቱት።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ማጭበርበሩ አይደለም። ጉዳዩ በ2011 ፈንድቶ የመጋቢቱ ውድድር እስከ መሰረዝ ደርሷል። ልክ በዚያው ዓመት፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ባዞረበት ሰዓት፣ ሱሞ ልታገል ብሎ ጃፓን ስለገባ አንድ የግብፅ ልጅ ነው።

አብደልራህማን ሻላን ይባላል። በ1992 ጊዛ የተወለደ ነው። ልጅ ሆኖ የጀመረው ስፖርት ቦዲ ቢልዲንግ ነበር። በሰፈራችሁ ጂም መስታወት ፊት ቆሞ ክንዱን የሚለካውን ጎረምሳ ታውቁት የለ? በቃ እሱ ነው። በአሥራዎቹ መሃል ዕድሜው ሱሞ ሲሞክር ግን ከሱ በጣም የሚቀለው ሰው ደጋግሞ ጣለው። ሌላው ቢሆን አፍሮ ወደ ብረቱ ይመለስ ነበር፤ እሱ ግን እዚያው ቀረ።

በሱሞ የክብደት ምድብ የለም። ክቡ ሜዳ 4.55 ሜትር ስፋት አለው። ከሜዳው የወጣ፣ ወይም ከእግሩ መዳፍ ሌላ የትኛውም አካሉ መሬት የነካ፣ ተሸነፈ። ስለዚህ ለመስታወት የተሠራ ደረት ብቻውን ብዙ አያዋጣም፤ ሥራው ያለው ከወገብ በታች ነው።

ወደ ሙያው መግባቱ ራሱ ትግል ነበር። ታጋዮች የሚኖሩትና የሚሠለጥኑት «ሄያ» በሚባል ቤት ነው፣ አንድ ሄያ ደግሞ መያዝ የሚፈቀድለት አንድ የውጭ ዜጋ ብቻ ነው። የሄያዎቹ ቁጥር ደግሞ ከሃምሳ አይዘልም። እኛ ይሄንን ኮታ እንለዋለን። ኮታ ባለበት ገበያ ሻጭ ብቻ ሳይሆን ገዢም ይፈራል፤ ያቺን አንዲት ቦታ ታውቆ ለማይታወቅ የአፍሪካ ልጅ መስጠት ለአሰልጣኝ ከባድ ቁማር ነው። በርካታ ሄያዎች መለሱት። የተቀበለው ኦታኬ ነው፤ ታላቁ ታይሆ የመሠረተውን ቤት የወረሰ ሄያ። ስሙንም ኦሱናራሺ አሉት፣ «ታላቅ የአሸዋ ማዕበል» እንደማለት። ከአፍሪካ የመጣ የመጀመሪያው ፕሮፌሽናል የሱሞ ታጋይ ሆነ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ አመሌ ነው። በሱሞ 600 ገደማ ታጋዮች አሉ። የወር ደመወዝ ያላቸው በሁለቱ የላይኛ ምድቦች ያሉት 70 ብቻ ናቸው። የቀረው ሁሉ አበል ቢጤ እየተቀበለ፣ ምግብ እያበሰለ፣ እየጠረገ፣ የታላላቆቹን ጀርባ እያሸ በጋራ ክፍል ይተኛል። ሁለተኛው ምድብ «ጁርዮ» ውስጥ ስትገባ ግን በአንድ ሌሊት በወር ከ1 ሚሊዮን የን በላይ፣ የግል ክፍልና አገልጋይ ታገኛለህ። በመሃል ደረጃ የለም፤ ገደል ነው። ልጁ በመጋቢት 2012 ጀምሮ ያንን ገደል በሐምሌ 2013 ወጣው።

እና የጁርዮ የመጀመሪያ ውድድሩ ከረመዳን ጋር ገጠመ። ናጎያ፣ በሐምሌ ሙቀት፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምስ። በጾም ወር ከሰዓት በኋላ ላይ ምን እንደሚመስለን ለኢትዮጵያዊ፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም ይሁን፣ መንገር አያስፈልግም። እሱ በዚያ ሰዓት ከ150 ኪሎ ሰው ጋር ይላተማል። ውድድሩን 10 ለ 5 ጨረሰ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይኛው ምድብ ገባ።

በሐምሌ 2014 ደግሞ ከዮኮዙናዎች፣ ማለትም ከቁንጮዎቹ፣ ጋር ተገናኘ። በአምስተኛው ቀን ካኩርዩን ጣለ። በማግስቱ ሃሩማፉጂን። ተራ ደረጃ ላይ ያለ ታጋይ ዮኮዙና ሲጥል «ኪንቦሺ» ይባላል፣ ወርቃማ ኮከብ። ደስ የሚለኝ ክፍያው ነው፦ ለአንዱ ኮከብ በየውድድሩ 40 ሺህ የን ይጨመርልሃል፣ አንዴ ብቻ ሳይሆን ከሁለቱ የላይኛ ምድቦች እስካልወረድክ ድረስ። በዓመት ስድስት ውድድር አለ። ሁለት ቀን ሠርቶ በዓመት 480 ሺህ የን! እንደዚህ ዓይነት ጡረታ የሚከፍል ሌላ ስፖርት እኔ አላውቅም።

ጉልበቱ ግን አልቻለም። አታገሉ ከመጀመሪያውም ኃይል የበዛበት ነበር፦ በክንድ መምታት፣ በጥፊ ማላጋት፣ ክንድን ጥምጥም አድርጎ መሳብ። ከላይ የተገነባውን ሁሉ የሚሸከመው ጉልበት ተጎዳ፣ ወደ ጁርዮም ተመለሰ። ከዚያ በጥር 2018 ናጋኖ ውስጥ መኪና ተጋጨ። መንጃ ፈቃድ አልነበረውም። ቢኖረውም ማኅበሩ በሥራ ላይ ያለ ታጋይ እንዳያሽከረክር ይከለክላል። በመጀመሪያ የነዳችው ባለቤቴ ናት ማለቱ ነገሩን አባሰው። እውነቱን ለመናገር እኔም እዚህ ላይ ላዝንለት ፈልጌ አቃተኝ፤ ሕጉን ያውቅ ነበር።

በመጋቢት ማኅበሩ ልቀቅ አለው፣ ለቀቀ። ዕድሜው 26 ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ወደ ቅይጥ ማርሻል አርት ተሻግሮ ከቦብ ሳፕ ጋር ገጠመ፣ በዳኞች ውሳኔም ተሸነፈ። የሁለቱ ወርቃማ ኮከቦች ክፍያ አራት ዓመት ሳይሞላው ቆሟል።