የመንጋጋ እብጠትና የጥርስ ራጅ

ጥርሱን የታመመ ሰው ወደ ሐኪም ለመሄድ ሌላ ቀስቃሽ አያሻውም፤ እንቅልፍ የነሣው ሕመም ራሱ ጎትቶ ያደርሰዋል። በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ያሰብነው ግን ሕመም ሳይሰማ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ስለሚያድገው እብጠት ነው። ስለማያሳምም ብቻ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ችላ ይባላል።

ጀርመናዊው ሊቅ ሮንትገን ራጅን ያገኘው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ነበር። በማግሥቱ ዓመት ቫልክሆፍ የተባለ የአገሩ የጥርስ ሐኪም የገዛ ጥርሱን ለማስነሣት 25 ደቂቃ ያህል ሳይነቃነቅ መቆየት ግድ ሆነበት። ዛሬ የአንድ ጥርስ ሥዕል ሴኮንድ እንኳ አይፈጅም።

ጥርስና አጥንት ጨረሩን ስለሚያግዱ በሥዕሉ ላይ ነጣ ብለው ይታያሉ፤ አጥንቱ የተበላበት ስፍራ ግን ይጠቁራል። ሐኪሙ የሚመረምረው የዚህን ጥቁረት ስፍራና ጠርዝ ነው። በሞተ ጥርስ ሥር ጫፍ ላይ ክብ ሆኖ ቢታይ መግል ወይም ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሊሆን ይችላል። እንደ ሳሙና አረፋ የተከፋፈለ ቢሆን አሜሎብላስቶማ የተባለውን ዕጢ ያስጠረጥራል፤ ይህ ዕጢ ወደ ሌላ አካል እምብዛም ባይዛመትም አጥንቱን እየበላ ይሰፋል፣ በሚገባ ካልተወገደም ይመለሳል። ጠርዙ የተቦጫጨቀ ሲሆን ደግሞ ነቀርሳ ይፈራል።

ይሁን እንጂ ልዩ ልዩ በሽታዎች ተመሳሳይ ጥላ ስለሚጥሉ፣ ሐኪሙ ከእብጠቱ ጥቂት ሥጋ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ሊያዝ ይችላል። «ብረት ከነካው ይብሳል» በማለት ከዚህ ምርመራ መሸሽ ጉዳት ያመጣል።

ለመምህራን በተለይ የምናሳስበው አንድ ጉዳይ አለ። ቡርኪት የተባለው ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም በኡጋንዳ ሲሠራ ያያቸውን የሕፃናት የመንጋጋ ዕጢዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ጽፎ አሳወቀ። ዕጢው እጅግ ፈጥኖ ያድጋል፤ ጥርስንም ያነቃንቃል። ወላጆች የወተት ጥርስ መለወጫው ደርሶ ነው ብለው ያስነቅላሉ፤ በራጅ ቢታይ ግን የጥርሱን ሥር የሚከበው ቀጭን ነጭ መስመር ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት የሚድን በሽታ ስለሆነ፣ ፊቱ በአንድ ወገን ያበጠና ጥርሱ የተነቃነቀ ተማሪ ሲታይ ወላጆቹን በዚያው ቀን አስጠርቶ ወደ ሆስፒታል እንዲወስዱት መንገር ይገባል። ቀድሞ የተነሣ ራጅ በቤት ካለ ሳይረሱ ይያዙት፤ ሐኪሙ ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ ጥቁረቱ ምን ያህል እንደሰፋ ያውቅበታል።