«ጅማ 5» ስም ሲያወጣ

ጅማ ከተማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ቡና ቆልቶ፣ ፈጭቶ የሚሸጥ ነጋዴ ዛሬ ሁለት ሱቅ አለው፤ አንዱ መንገድ ዳር፣ ሌላው ቴሌግራም ላይ። መንገድ ዳር «ስንት ነው?» ያለ ወዲያው መልሱን ያገኛል። ቴሌግራም ላይ ግን የታሸገው ቡና ፎቶ ይለጠፍና ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ተብሎ ይጻፋል። ሻጩ ምክንያት አያጣም፦ ዋጋውን ካወጣው ጎረቤቱ አይቶ ዝቅ ያደርግበታል። ገዢው ደግሞ «አይቶኝ ሊጠራብኝ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ለገዢው እፈርዳለሁ፤ ዋጋ የደበቀ ገጽ ተመልካች እንጂ ደንበኛ አያፈራም።

የጅማ ቡና ከደንበኛው ተሸሽጎ መኖር የጀመረው ግን በቴሌግራም አይደለም። በዓለም ገበያ «ጅማ 5» ማለት በፀሐይ የደረቀ፣ በብዛት የሚጫን ርካሽ ቡና ማለት ሆኖ ኖሯል። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. የቡና ስሞቿን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሳ የመረጠችው ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን ነበር። በ2001 ዓ.ም. ቡና ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲገባ ደግሞ ገንዘቡ ቶሎ እጅ ይገባ ጀመር፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ቀይ እሸት ብቻ ለይቶ የለቀመውም፣ ያገኘውን የሸመጠጠውም የቡናቸው ደረጃ ከገጠመ አንድ መጋዘን ገብቶ ይቀላቀል ነበር። ውጭ አገር ያለው ቡና ቆዪ ቡናውን ቢወደው እንኳ ማንን ያመስግን?

የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ግን በምርት ገበያው ሳያልፉ በቀጥታ የመላክ መብት ነበራቸው። በ1991 ዓ.ም. የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን መሪ ታደሰ መስቀላ፣ «ብላክ ጎልድ» በተባለው ዘጋቢ ፊልም ላይ ገዢ ፍለጋ ባሕር ማዶ ሲዞሩ ይታያሉ። ያኔ ደንበኛ የሚያዘው በአውሮፕላን ነበር። ቀጥሎ በጅማ ዞን አጋሮ አካባቢ፣ ቴክኖሰርቭ በተባለ ድርጅት ድጋፍ፣ ማኅበራት የራሳቸውን የእሸት ቡና ማጠቢያ አቆሙ። ከማኅበራቱ አንዱ፣ ዱሮሚና፣ በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ዱሮሚና፣ ናኖ ጫላ፣ ዩክሮ የሚሉ ስሞች በአሜሪካና በአውሮፓ ቆዪዎች ከረጢት ላይ ታተሙ፤ ከከረጢቱም ወደ ኢንስታግራም ተሻገሩ። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 በሩን ለግል አቅራቢዎችም ሲከፍት፣ የማጠቢያ ጣቢያ ባለቤቶች የየራሳቸውን ገጽ ይዘው ብቅ አሉ።

ገጾቹን ለተመለከተ ሁሉም ይመሳሰላሉ፦ በሁለት መዳፍ የታፈሰ ቀይ እሸት፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና፣ የምትስቅ ለቃሚ። (ለቃሚዋ ፎቶዋ የት እንደደረሰ የነገራት ይኖር ይሆን?) ገዢን የሚያመጣው ፎቶው ሊሆን ይችላል፤ በዓመቱ የሚመልሰው ግን ናሙና በሰዓቱ መድረሱና ክፉውን ወሬ ቀድሞ መስማቱ ነው። «ዘንድሮ ዝናብ ያዘን፣ ቡናው አልጋ ላይ ቆየ» ብሎ ሳይጫን በፊት የጻፈ ላኪ የዋጋ ቅናሽ ይጠየቅ ይሆናል እንጂ ደንበኛውን አያጣም። ጆንያው ወደቡ ደርሶ ጉዱ ከታየ በኋላ ዝም ያለ ግን ሺህ ተከታይ ቢኖረው አያድነውም።

ገጹ ራሱ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘጋ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል ታገዱ። የደንበኞቹን ስልክ ደብተር ላይ የጻፈ ነጋዴ ደውሎ ሸጠ፤ ሁሉንም ነገር ለገጹ ያስረከበ ግን መንገዱ እስኪከፈት መጠበቅ ነበረበት።

አሁን ደግሞ አዲስ ጥያቄ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግ ወደ ኅብረቱ አገሮች የሚገባ ቡና ሁሉ የበቀለበት ማሳ መገኛ በካርታ ነጥብ እንዲታወቅ ይጠይቃል። የኢንስታግራሙን ገጽ የያዘው ልጅ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ገዢው የሚጠይቀው መልስ ግን በጌራና በጎማ ወረዳዎች ማሳ ለማሳ የዞረው የማኅበር ጸሐፊ እጅ ነው።