ደማቅ ቀለም ለማን ይሄዳል? ስለ አለባበስ ሕጎች ተረትና እውነታ

ሠርግ ሲቃረብ የሚዜዎች ልብስ ቀለም ይመረጣል። ሙሽራዋ ቢጫ ወዳለች፤ ጨርቁ ሊገዛ ነው። በመሃል ከአክስቶቹ አንዷ ወይም ልብስ ሰፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለእሷ ግን ይሄ ቀለም አይሄድላትም» ትላለች። እሷ የተባለችው ከሚዜዎቹ ሁሉ ጠቆር ያለችው ልጅ ናት። ይህን ንግግር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ተከትሎ የሚመጣውንም አይቻለሁ። አንዳንዴ ቀለሙ ለሁሉም ይቀየርና ምክንያቷ እሷ መሆኗን ሁሉም ያውቃል። አንዳንዴ ቢጫው ይጸናና በሠርጉ ዕለት ፊቷ ላይ ከአንገቷ የቀላ ፋውንዴሽን ይለቀለቃል። አንዳንዷ ደግሞ ወር ሲቀራት «ቆዳ ያጠራል» የተባለ ክሬም ትጀምራለች።

ስለ አለባበስ የሚነገሩን ሕጎች አብዛኞቹ ቢከበሩም ቢጣሱም ሰው አይጎዱም። ይህኛው ግን ይጎዳል። ስለዚህ ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥቼ ሌሎቹን ባጭሩ አልፋቸዋለሁ።

ተረት 1፦ «ለጥቁር ሰው ደማቅ ቀለም አይሄድም»

እምነቱ ዝም ብሎ ከሜዳ አልመጣም፤ ከጀርባው ሁለት እውነተኛ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ዓይናችን ቀለምን የሚያይበት መንገድ ነው። ሚሼል ዩጂን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በፓሪሱ የጎብለን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የክር ማቅለሚያውን ክፍል ይመራ ነበር። ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል ቅሬታ ይቀርብለታል። መርምሮ ሲያየው ማቅለሚያው እንከን የለበትም፤ ጥቁሩን ያደበዘዙት አጠገቡ የተሸመኑት ሌሎች ቀለሞች ናቸው። ይህንን በ1839 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አብራራው፦ ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀለሞች አንዱ የሌላውን ልዩነት ያጎላሉ። አንድ ግራጫ ወረቀት ነጭ ላይ ስታስቀምጡት ይጠቁራል፤ ያንኑ ወረቀት ጥቁር ላይ ስታስቀምጡት ይፈካል። እንግዲህ ጥቁር ፊት ከነጭ ወይም ከቢጫ ልብስ በላይ ሲታይ ጠቆር ማለቱ እርግጥ ነው።

ሁለተኛው ካሜራ ነው። ካሜራ በራሱ ሲለካ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነጭ ግድግዳ ሥር ሲቆም ካሜራው ብርሃኑ በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ የሚጨልመው ደግሞ ፊቱ ነው። በፊልም ዘመን ችግሩ የባሰ ነበር። የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ ለረጅም ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ካርዱም «ሸርሊ» ይባል ነበር። ቀለሙ ትክክል ነው የሚባለው የእሷ ቆዳ ሲያምር ነው። ኩባንያው ቡናማን በደንብ የሚለይ ፊልም ለመሥራት የተነሳው የቤት ዕቃና የቸኮሌት አምራቾች ምርታችን በፎቶ አይለይም ብለው ካማረሩ በኋላ እንደነበር ስለ ጉዳዩ የተጻፉ ጥናቶች ይናገራሉ። በፎቶ ቤት «ነጭ አትልበስ፣ ያጠቁርሃል» እየተባለ ያደገ ሰው በሥዕሉ ላይ ያየው ነገር እውነት ነበር። ጥፋቱ ግን የመሣሪያው ነው፤ ብርሃኑን በፊቱ ልክ ለለካ ባለሙያ ችግሩ ያኔም ቢሆን መፍትሔ ነበረው።

እስከዚህ ድረስ ከአክስቲቱ ጋር እስማማለሁ። የምንለያየው ቀጥሎ ነው። ዓይንም ካሜራም የሚነግሩን «ጠቆር ብለሽ ትታያለሽ» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚህ ተነስቶ «አያምርብሽም» ለማለት መሃል ላይ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው አንድ ሐሳብ መግባት አለበት፤ ጠቆር ብሎ መታየት ማስጠላት ነው የሚል ሐሳብ። ሕጉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ስለ ቀለም የተሰጠ ምክር ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ግን ስለ ሰው የተሰጠ ፍርድ ነው። ለዚህ ነው ለቀይዋ ሚዜ «ጥቁር ልብስ ይበልጥ ያቀላሻልና አትልበሺ» ተብሎ የማያውቀው። የሚሠራው ተፈጥሮ አንድ ሆኖ ሳለ አንዷን ያስመሰግናታል፣ ሌላዋን ያስከለክላታል።

ሕጉ ሐሰት መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የክብር ልብሳችን ነጭ ነው። ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለአዲስ ዓመት የሚለበሰው የሀበሻ ቀሚስ፣ ነጠላውና ጋቢው ከሁሉም ቀለም በላይ ብርሃን የሚመልስ ነው፤ ጥለቱ ላይ ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ይደረደርበታል። ሽሮ ሜዳ ገብታ «ጥቁር ስለሆንሽ ነጠላ አይሄድልሽም» የተባለች እናት አላውቅም። በበዓል ቀን ጥቁር ፊት በነጭ ተከብቦ ሲታይ «እንዴት አምሮባታል» የሚለው ሰው፣ በማግስቱ ቡቲክ ውስጥ ነጩን ሸሚዝ ከእጇ ይቀማታል። ሐረር ብንሄድ የሐረሪ ሴቶች ቀይ፣ ብርቱካናማና ወይን ጠጅ ለብሰው እናያለን። አፋርና ሶማሌ ክልል ቢጫና ሮዝ ሻሽ ለዓይን ብርቅ አይደለም።

ከአገር ውጭም ብዙ ምስክር አለ። በብራዛቪልና በኪንሻሳ ሳፐር የሚባሉ ዘናጮች የአውሮፓን ሙሉ ልብስ ወስደው ሮዝ፣ ቢጫና አረንጓዴ አድርገው ይለብሱታል። በአውሮፓ ደንብ ሱፍ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ግራጫ ነው፤ እነሱ ያንን ጥሰው የራሳቸውን ደንብ ሠሩ። በአንድ አለባበስ ከሦስት ቀለም በላይ አይበዛም የሚለው ከታወቁት ደንቦቻቸው አንዱ ነው። ደቡብ ሱዳናዊቷ ሞዴል አሌክ ዌክ በ1997 እ.ኤ.አ. በኤል መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣችው ነጭ ጃኬት ለብሳ፣ በነጭ ዳራ ላይ ነው። ተዋናይቷ ሉፒታ ኒዮንጎ በ2014 እ.ኤ.አ. ኦስካር ስትቀበል የለበሰችው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ቀሚስ እስካሁን ይነሳል። በእነዚህ ሁሉ ላይ ያማረው ያው «ያጠቁራል» ተብሎ የሚከሰሰው ልዩነት ነው።

ይህን እምነት የሚያሰራጩት ላይ ትዕግሥቴ አልቋል። በቲክቶክ «ለቀለምሽ የሚሄዱና የማይሄዱ» እያሉ ዝርዝር የሚያወጡ፣ ጥቁር ደንበኛ ሲመጣ ሳትጠይቃቸው ወደ ቡናማውና ወደ ግራጫው መደርደሪያ የሚመሩ ነጋዴዎች፣ ከቆዳዋ ጋር የሚገጥም ፋውንዴሽን ሳይዙ «ባለሙያ ነን» የሚሉ ሜካፕ ሠሪዎች ምን እያደረጉ እንደሆነ ሊያውቁ ይገባል። ከእነሱ ምክር እስከ ክሬሙ ያለው መንገድ አጭር ነው። ቆዳ ያነጣሉ ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል። በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ሃይድሮኪኖን ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳው ላይ ለማስለቀቅ የሚያስቸግር ሰማያዊ ጥቁር ነጠብጣብ ሊያመጣ ይችላል፤ ልታጠፋው የፈለገችው ጥቁረት ብሶ ይመለስባታል። እንደ ክሎቤታሶል ያሉ ኃይለኛ ስቴሮይዶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ብጉርና ሸንተረር ያወጣሉ። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ከሚሊዮን 1 ክፍል በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲያ እንዳይመረቱ፣ ወደ አገር እንዳይገቡና ወደ ውጭ እንዳይላኩ ደንግጓል፤ ሆኖም ዛሬም በየገበያው ይገኛሉ። ክሬሙን የሚገዛው ሰው በመጀመሪያ የገዛው ይህን እምነት ነው።

ታዲያ ቀለም እንዴት ይመረጥ? ጨርቁን ከሱቁ አምፖል ሥር አውጥታችሁ በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ፣ አገጫችሁ ሥር ያዙት። ዓይናችሁ ፊታችሁ ላይ ካረፈ ቀለሙ ሠርቷል፤ ጨርቁ ላይ ብቻ ከቀረ ሌላ ድምቀት ሞክሩ። ጥቁር ቆዳን ብዙ ጊዜ የሚያደበዝዘው የሚመከረው አመድማና ቡናማ ነው፤ ከቆዳው ጋር ተመሳስሎ ሁለቱም ሕይወት ያጣሉ። ፎቶ ስትነሱ ደግሞ በስልኩ ስክሪን ላይ ፊታችሁን ንኩት፤ ካሜራው ብርሃኑን ከሸሚዙ ትቶ በፊታችሁ ይለካል።

የሚያወላውለኝ አንድ ጥያቄ አለ። የሥራ ቃለ መጠይቅ ያለባት ልጅ፣ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ይህን እምነት ሊይዙ እንደሚችሉ እያወቀች ቢጫውን ትልበስ ወይስ ትተው? እንጀራ በሚወሰንበት ቀን ትግል ጀምሪ ለማለት ድፍረቱ የለኝም፤ ፍርዱ የእሷ ነው። የምላት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለአንድ ቀን ተጠንቅቆ ግራጫ መልበስ ቢጫ አይሄድልኝም ብሎ ከማመን በጣም ይለያል።

ተረት 2፦ «አግድም መስመር ያወፍራል»

ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ቮን ሄልምሆልዝ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሳየው ተቃራኒውን ነው፦ በአግድም መስመሮች የተሞላ አራት ማዕዘን በቁም መስመር ከተሞላው ይልቅ ረዘምና ቀጠን ብሎ ይታያል። በእንግሊዝ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. በሰው ቅርጽ ሥዕሎች ፈትነው አግድሙ እንደማያወፍር አሳትመዋል። በልክ ያልተሰፋ ልብስ ሲወጠር መስመሩ ይጣመማል፤ ያኔ ቅር የሚያሰኘው ስፌቱ ነው።

ተረት 3፦ «ወርቅና ብር አብሮ አይደረግም»

የፈረንሳዩ ጌጣጌጥ ሠሪ ካርቲየር ቢጫ፣ ነጭና ቀላ ያሉ ቀለበቶችን አጣምሮ የሠራውን የሦስት ቀለበት ጌጥ ያወጣው በ1924 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም ይሸጣል። የእናታችሁ የብር አምባርና የራሳችሁ የወርቅ ቀለበት በአንድ እጅ ላይ ምንም አያጣላቸውም።

ተረት 4፦ «ጥቁር ቀሚስ የትም የማይሳሳት ጨዋ ልብስ ነው»

ጥቁር ቀሚስ ከሐዘን ልብስነት ወጥቶ የዘመናዊ ሴት መለያ የሆነው በተለይ ቮግ መጽሔት በ1926 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዊቷን የልብስ ዲዛይነር የኮኮ ሻኔልን ቀላል ጥቁር ቀሚስ ካወጣና ከፎርድ መኪና ጋር ካወዳደረው ወዲህ ነው። በእኛ ዘንድ ጥቁር ዛሬም የሐዘን ቀለም ነው፤ ጥቁር ለብሳ ሠርግ የሄደች ሴት «ማን ሞተባት?» ልትባል ትችላለች። አንዱ አገር ጨዋነት ያለው ሌላው ዘንድ ሐዘን ከሆነ «የትም» የሚለው ቃል ከሕጉ ይውጣ።

ተረት 5፦ «ዕድሜዋ የገፋ ሴት ደማቅ አትለብስም»

አሜሪካዊቷ አይሪስ አፕፈል ትልልቅ ጌጦችንና ደማቅ ቀለሞችን ደራርባ ትለብስ ነበር። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2005 እ.ኤ.አ. ልብሶቿንና ጌጦቿን በዐውደ ርእይ ሲያቀርብ 84 ዓመቷ ነበር፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በ102 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ አለባበሷን አልቀየረችም። እናቶቻችን ልጅ ሲድሩ ዝም ብለው ቀለማቸውን ሲያደበዝዙ አያለሁ። ወደው ከሆነ ይሁን፤ «ምን ይሉኛል» ብለው ከሆነ ግን ያሳዝናል።

ሕግ ሁሉ ይጣስ እያልኩ አይደለም። ለቅሶ ቤት ስንሄድ በጥቁር ወይም በረጋ ቀለም፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ስንገባ በተሸፈነ ልብስ እንሄዳለን፤ እነዚህ ለሌላው ሰው ስሜትና ለቦታው ክብር የቆሙ ናቸው፣ እኔም አከብራቸዋለሁ። የቀሩትን ሁሉ አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸው፦ ይህ ሕግ ማንን ይጠብቃል? ሐዘንተኛን ወይም እምነትን የሚጠብቅ ከሆነ ይከበር። ሥራው አንዲትን ልጅ ከሆነችው በላይ ቀይ፣ ቀጭን ወይም ወጣት ማስመሰል ብቻ ከሆነ ግን የምትወደውን ቢጫ ጨርቅ ትግዛ፣ በልኳ ታሰፋ፣ ትልበሰው።