ለልጁ የሚስማማ ስጦታ፦ የሚያጽናኑ ዕቃዎችን ለሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች



በየአጥቢያው ያሉ የሴቶች ኅብረቶችና የወጣቶች ማኅበራት ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ሕፃናት ብርድ ልብስ፣ ትራስ፣ ሹራብና የጨርቅ አሻንጉሊት ለመሥራት መነሣሣታቸው ደስ የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ ዋናው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ዕቃው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ለየትኛው ልጅ ይሁን? ይወደው ይሆን? ጉዳትስ አያመጣበትም? ይህ ጽሑፍ እነዚህ ጥያቄዎች መቀስ ከመነሣቱ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ስለምን እንደ ሆነ በአጭሩ ያስረዳል።

የሚያጽናና ዕቃ ምን ያደርጋል?

እነዚህ ዕቃዎች መድኃኒት አይደሉም። ሆኖም በሦስት መንገድ ይረዳሉ።

አንደኛ፣ አካልን ይደግፋሉ። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ፣ ይኸውም በማደግ ላይ ሳለ አእምሮው በመጎዳቱ እንቅስቃሴው የታወከ ልጅ፣ ብዙ ጊዜ ጡንቻው ይገተራል፤ እግሮቹም እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። እንዲህ ያለውን ልጅ በጎኑ አስተኝቶ በጉልበቶቹ መካከል ጠንከር ያለ ጥቅል ትራስ ማድረግ እግሮቹን ያለያያል። ጀርባውም ሲደገፍ እጆቹ ወደ ፊት ይመጡና መጫወት ይቀልለዋል።

ሁለተኛ፣ ስሜትን ያረጋጋሉ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሚዳስሰውንና የሚሰማውን ነገር የሚቀበልበት መንገድ ከሌሎች ልጆች ሊለይ ይችላል። ለእኛ ለስላሳ የሚመስለን ፀጉራም ጨርቅ እርሱን እንደ ሳማ ሊለበልበው ይችላል። በአንጻሩ ደግሞ ጫን ብሎ የሚይዘው ነገር ሲያገኝ የሚረጋጋ ልጅ አለ።

ሦስተኛ፣ ልጁ በማያውቀው ስፍራ የሚያውቀው ነገር ይሆኑለታል። ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ አዲስ ክፍል የሚሄድ ልጅ የቤቱን ጨርቅ ይዞ ሲሄድ ድንጋጤው ሊቀንስለት ይችላል። ማየት የማይችል ልጅም ዕቃውን በሽታውና በስፌቱ ለይቶ የራሱ መሆኑን ያውቃል።

መቈጣጠሪያው በማን እጅ ነው?

ስለ ማረጋጋት ስንነጋገር በሌሎች አገሮች የተገኘው ልምድ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ የተወለደችውና ኦቲዝም ያለባት ቴምፕል ግራንዲን የሰው እቅፍ ከአቅሟ በላይ ይሆንባት ነበር። በወጣትነቷ በአክስቷ የከብት እርባታ ስፍራ ከብቶች ሲከተቡ ግራና ቀኛቸውን ጫን አድርጎ የሚይዛቸውን መሣሪያ አየች። አንዳንዶቹ በውስጡ ሲረጉ ስለ ተመለከተች፣ ለራሷ የሚሆን ተመሳሳይ መሣሪያ ሠራች። በኋላም የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆናለች። ልብ ልንለው የሚገባን ግፊቱን ትቈጣጠር የነበረችው ራሷ መሆኗን ነው። በቃኝ ስትል ትለቀው ነበር።

ይህ ቁም ነገር ሲዘነጋ ምን እንደሚደርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ፣ በኩቤክ ክፍለ ሀገር ታይቷል። ኦቲዝም የነበረበት የ9 ዓመት ልጅ ለማረጋጋት ተብሎ በተሠራ ከባድ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሳለ ትንፋሽ አጥሮት ሞተ። ዕቃው የተሠራው ለመልካም ነበር፤ ልጁ ግን በራሱ ኀይል ከውስጡ ሊወጣ አልቻለም።

ከባድ ብርድ ልብስ ስለሚሰጠው ጥቅምም ከልክ በላይ ተስፋ መስጠት አይገባም። በብሪታንያ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ብርድ ልብሱ የልጆቹን የእንቅልፍ ሰዓት እንዳላስረዘመ አሳይቷል። ሆኖም ልጆቹም ወላጆቹም ከተራው ብርድ ልብስ ይልቅ እርሱን መርጠዋል። እንግዲህ ለእናቶች ስንናገር፣ «ልጅሽ ይወደው ይሆናል» ማለት እንችላለን እንጂ «ልጅሽን ያስተኛዋል» ማለት አንችልም።

ስለዚህ በበጎ ፈቃደኞቻችን እጅ ከባድ ብርድ ልብስ እንዲሠራ አንመክርም። ለጨቅላ ሕፃን ደግሞ ክብደት ያለው ነገር ፈጽሞ አይገባም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለ ነገር በሚተኛ ጨቅላ ላይም ሆነ አጠገቡ እንዳይደረግ አሳስቧል። ተቀምጦ በጭኑ ላይ የሚያደርገው ትንሽ ከረጢት ግን ለትልልቅ ልጆች ሊሠራ ይችላል። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 1 ኪሎ ይበቃል። ልጁ ራሱ ገፍቶ ሊጥለው የማይችለውን አንስጠው።

መጀመሪያ እናቲቱን እንጠይቅ

ልጁን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ቀንና ሌሊት አብሮት ያለው ሰው ነው። በአገራችን ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የተቋቋመውን የጆይ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የመሠረቱት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ራሳቸው የእንዲህ ያለ ልጅ እናት ነበሩ። ሥራው የተጀመረው ከእናት እውቀት ነው ማለት ነው። እኛም ጨርቅ ከመቍረጣችን በፊት አንድ ሰው ወደ ቤቱ ልከን የሚከተሉትን እንጠይቅ፦

ሀ) ልጁ የሚወደው ጨርቅ የትኛው ነው? የሚሸሸውስ?
ለ) ሲጨነቅ ምን ያደርጋል? ይነክሳል፣ ይጎትታል ወይስ ይደበቃል?
ሐ) ያገኘውን ነገር ወደ አፉ ይከታል ወይ?
መ) የሚጥል በሽታ አለበት ወይ? በፊቱ ላይ የወደቀ ጨርቅ ማንሣት ይችላል?
ሠ) አብዛኛውን ቀን በምን ዓይነት አቀማመጥ ያሳልፋል?

የአካል ድጋፍ የሚሆን ትራስ ከሆነ ልኩንና አቀማመጡን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢያይልን ይገባል። ዴቪድ ወርነር በሜክሲኮ ገጠር ከአካል ጉዳተኛ ሠራተኞች ጋር ሆኖ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው ስለ ገጠር አካል ጉዳተኛ ሕፃናት የሚናገር መጽሐፍ፣ በአካባቢ በሚገኝ ነገር ለእያንዳንዱ ልጅ ለክቶ መሥራትን በሥዕል ያስተምራልና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ይጠቅማል።

ስንሠራ የምንጠነቀቅባቸው

ቍልፍ፣ ዶቃና ጨሌ አንጠቀም፤ ልጁ ነቅሎ ሊውጣቸው ይችላል። የአሻንጉሊቱ ዓይንና አፍ በክር ይጠለፍ። ገመድና ጥብጣብ ካስፈለገ ከ20 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከዚያ የረዘመው አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ስፌቱ ሁሉ ሁለት ጊዜ ይሰፋ፤ ከዚያም በኀይል ስበን እንፈትነው።

ለጭን ከረጢት እህል መሙላት የተለመደ ቢሆንም አይመከርም። ነቀዝና አይጥ ይስባል፤ ሲታጠብም ይሻግታል። ታጥቦ የደረቀ ደቃቅ ጠጠር ይሻላል። ጠጠሩ ክሩ በጠበቀ አቡጀዲ ውስጥ ገብቶ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይከፋፈል፤ አለዚያ ክብደቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሰበሰባል። የላይኛው ልብስ ግን ወልቆ የሚታጠብ ይሁን። የሚታጠብ መሆን ለሁሉም ዕቃ ይሠራል፤ ምራቅ የሚበዛበት ልጅ ትራሱ ሳይታጠብለት ቢቀር ቆዳው ይቈስላልና።

ልጁ ዕቃውን ከወደደው ያለ እርሱ መሆን ሊያስቸግረው ይችላል። ስለዚህ በተቻለ መጠን ከአንድ ዓይነት ጨርቅ ሁለት እንሥራ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው በእጁ ይሆናል።

ስንሰጥ

ስጦታውን በጉባኤ ፊት ልጁን አቁሞ መስጠት አያስፈልግም። ብዙ ቤተሰቦች የሰውን ዓይን ፈርተው ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ እንደሚያቆዩ እናውቃለን። በቤቱ፣ በሚያውቀው ሰው እጅ ይሰጠው። ልጁ ቢወረውረው አንዘን፤ አናስገድደውም። «አልፈልግም» ማለት መቻሉ ራሱ ስለ እርሱ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ጨርቁን ለውጠን ደግመን እንሞክራለን።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ከአንድ ወር በኋላ ተመልሰው ይጠይቁ። ትራሱ ተበጥሷል? ልጁ አድጎ አነሰው? ወይስ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል? ይህ ሁለተኛው ጉብኝት ከመጀመሪያው አይተናነስም። እናቲቱ በዚያን ጊዜ ስለ ትራሱ ብቻ ሳይሆን ስለ ድካሟ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሕክምናም ልታወራ ትችላለች። ወደ ማን እንደምንልካት ቀደም ብለን አውቀን እንሂድ።

በኢዮጴ የነበረችው ዶርቃ ለመበለቶቹ ልብስ ስትሠራ ታውቃቸው ነበር። እኛም ሃምሳ አንድ ዓይነት ትራስ ሠርተን ባለቤት ከመፈለግ፣ አምስት ልጆችን አውቀን አምስት ትራስ ብንሠራ ይሻላል። በየአጥቢያው የምትደክሙ እኅቶችና ወንድሞች፣ የመጀመሪያውን ጉብኝት በዚህ ወር ጀምሩ። ጌታ ይርዳችሁ።